አንድ ዓሣ እስክንይዝ

(ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር። ወይዘሮ አስካለ እና ከአዲስ አበባ ትናንት ማታ የመጣው ልጃቸው ምናሴ ከጧት ጀምረው ዓሣ እያጠመዱ ነው፤ የምናሴ ወገብ በገመድ ከዛፍ ጋር ታስሯል።)

ምናሴ፦ እማዬ፣ ይሄን ገመድ ፍቺልኝ። ሰው እያየን ነው።

አስካለ፦ ይይ። የሰመጠ ከሚያዩ የታሰረ ቢያዩ ይሻላቸዋል።

ምናሴ፦ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው እኮ።

አስካለ፦ ሐይቁ ዕድሜ ይጠይቃል?

ምናሴ፦ ውሃው እዚህ ጋ ጉልበቴም አይደርስ።

አስካለ፦ ጉማሬውስ? ባለፈው እዚያ ቄጠማው ውስጥ ነው ብቅ ያለው።

ምናሴ፦ ባለፈው መቼ?

አስካለ፦ ሲሉ ሰምቼ ነው። ክርህን እይ፣ ላላ።

ምናሴ፦ ሰዓቱንም እያየሁ ነው። የመጨረሻው መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወጣል። አንድ ዓሣ እንደያዝን እንነሣለን ተባብለናል።

አስካለ፦ ሳልይዝ ንቅንቅ አልልም ያልከውም አንተው ነህ። ደግሞ ነገ እሑድ ነው፣ ምን ሥራ አለህ?

ምናሴ፦ ልብስ አጥባለሁ።

አስካለ፦ እዚህ ውሃ ጠፋ?

ምናሴ፦ አንቺ ደግሞ። ቆይ፣ ይሄ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ምን ሆኖ ነው አንቺ ላይ ብቻ የሚያፈጠው?

አስካለ፦ ራሰ በራ ነዋ፣ ምን ሥራ አለው።

ምናሴ፦ እግርሽ ሥር ድረስ መጣ እኮ። ያውቅሻል።

አስካለ፦ ወፍ ሰው ያውቃል?

ምናሴ፦ መንጠቆውንስ? እኔ የክሩን ጫፍ ሳላገኝ አንቺ አስረሽ ጨረስሽ። ልጅ ሆኜ ሐይቅ ውሰጂኝ እያልኩ ስለምንሽ፣ መንጠቆ ዓይንህን ያወጣዋል ብለሽ ከበር አታስወጪኝም ነበር። የት ተማርሽው?

አስካለ፦ ዓሣ ሻጯ ብርቄ አሳየችኝ።

ምናሴ፦ መቼ?

አስካለ፦ አምና። ለፋሲካ አልመጣም ብለህ የደወልክ ሰሞን። የመጣ ቀን ሐይቅ ልወስደው ብዬ ተማርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ።

ምናሴ፦ ብቻሽን?

አስካለ፦ ከማን ጋር ልምጣ?

ምናሴ፦ ብትወድቂስ?

አስካለ፦ እኔም እታሰራለሁ። ገመዱ አዲስ መሰለህ?

ምናሴ፦ ትይዣለሽ ለመሆኑ?

አስካለ፦ ሦስት አራት አላጣም።

ምናሴ፦ ምን ታደርጊዋለሽ?

አስካለ፦ ለዚህ ራሰ በራ እጥልለታለሁ። ለአንድ ሰው ብዬ ዘይት ላቃጥል?

ምናሴ፦ ታዲያ ዛሬ ከጧት ጀምሮ አንድ እንኳ እንዴት ጠፋ?

አስካለ፦ ነፋሱ ነው።

ምናሴ፦ የምን ነፋስ? ቅጠል አይነቃነቅም። እስቲ ክርሽን ሳቢው።

አስካለ፦ ተው፣ ዓሣዎቹ ይሸሻሉ።

ምናሴ፦ አምጪው፣ እኔ ልሳበው። እማዬ፣ ትል የለበትም።

አስካለ፦ በልተውት ይሆናል።

ምናሴ፦ የትሉ ጣሳ እንደሞላ ነው፤ ከኔ በቀር ማንም ትል አልወሰደም። ከጧት ጀምሮ ባዶውን መንጠቆ ነው የምትጥይው?

አስካለ፦ ፀሐዩ በርትቷል፣ ባርኔጣህን አድርግ።

ምናሴ፦ የኔንስ መንጠቆ ዓሣ ሁለቴ ሲነክሰው፣ ቆይ አትሳብ ያልሽኝ?

አስካለ፦ ከያዝን እንነሣለን ብለሃላ።

ምናሴ፦ እማዬ።

አስካለ፦ ይኸው ስምንት ተኩል ሆነ። ና፣ ገመዱን ልፍታልህ፣ መኪናው ጥሎህ እንዳይሄድ። መስኮት ዳር እንዳትቀመጥ፤ ሾፌሩም ካንቀላፋ ዝም አትበል፣ አናግረው።

ምናሴ፦ ገመዱ ይቆይ። ይልቅ የኔንም ትል ከመንጠቆው አውጪልኝ።