ቦርድ ፊት ደህና ነኝ ያልኩ ዕለት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሰው አሞኛል አይልም ነበር። ስሚኝ የእህቴ ልጅ ስመኝ፣ አንቺ የጤና ባለሙያ ነሽና ቀኑን ሙሉ የምትሰሚው አሞኛል ነው፣ በእኛ ጊዜ ግን ሰውየው አንድ ሐሙስ ቀርቶት እንኳ እንዴት አደርክ ሲሉት፣ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚል። ታዲያ እኔም በሰሜን ጦር ግንባር የመድፍ ፍንጣሪ የቀኝ ቅልጥሜን በልቶብኝ ወደ ስማዳ ስመለስ፣ አባቴ ደጅ ላይ ተቀበለኝና «እንዴት ነህ?» አለኝ፣ «ደህና ነኝ» አልኩት፣ እና ከዚያች ቀን ጀምሮ ላገኘሁት ሁሉ ደህና ነኝ ስል ኖርኩ።

ቁስሉ ግን ደህና አልነበረም። ጥቂት ወር ይደርቃል፣ ታዲያ ክረምት ሲገባ ያብጥና ይፈነዳል፣ መግል ያዣል፣ አንዳንዴም ጥፍር የምታክል የአጥንት ስባሪ ይወጣዋል። ይህን የምታውቅ ውባንቺ ብቻ ናት፣ ሚስቴ፣ ይችው አጠገቤ የተቀመጠችው። በጨው ውሃ የምታጥበው እሷ፣ ጨርቁን የምትቀቅለው እሷ።

አንድ የገበያ ቀን ታዲያ ወገዳ ላይ በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። በውትድርና አካላችሁ የተጎዳ፣ ንፋስ መውጫ የሐኪሞች ቦርድ ይቀመጣል፣ አይቶም ትልቅ ሆስፒታል ልኮ በነፃ ያሳክማል ተባለ። ውባንቺ እልል አለች። «እንግዲህ እግርህ ሊተርፍልን ነው» አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

እና በቀጠሮው ቀን ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ገላዬን ታጠብኩ፣ ጢሜን ተላጨሁ፣ ቁስሉን በአዲስ ነጭ ጨርቅ ጥፍር አድርጌ አሰርኩ፣ ያችን ከሣጥን የማትወጣ የወታደር ካፖርቴን ለበስኩ። ሹም ፊት ተጎሳቁሎ አይቀረብማ! በሩ ላይ ስንደርስ ደግሞ ምርኩዜን ለውባንቺ ሰጠኋት።

«ምን ልትሆን ነው?» አለችኝ።

«ወታደር ተደግፎ አይቆምም» አልኳት። ገባሁና እግሬን ጧ! አድርጌ ሰላምታ ሰጠሁ። በዚያው በታመመው እግሬ! ዓይኔ ጨለመብኝ፣ ታዲያ ፊቴ ላይ አላሳየሁም።

ሐኪሙ ለግላጋ ወጣት ነው፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ተቀበለኝ።

«አባት፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን!»

«እግርዎን ያምዎታል?»

«ኧረ ምን ይለኛል! አልፎ አልፎ ብርድ ሲነካው ነው እንጂ።»

«ያርሳሉ?»

«ታዲያስ! ገበሬ አይደለሁ?»

ልብ በሉ፣ ሞፈር ከጨበጥኩ ስንት ዘመኔ! መሬታችንን ጎረቤት ነው ምርቱን እኩል እየተካፈለ የሚያርሰው። ተከትላኝ የገባችው ውባንቺ አላስቻላትም። «ጌታዬ፣ ውሸቱን ነው! እግሩ መግል ያዣል፣ ፍቱትና እዩት!» አለች። እኔ ደግሞ ዞር ብዬ፣ «ዝም በይ! ወንዶች ሲነጋገሩ ምን ጥልቅ አደረገሽ!» አልኳት፣ በሰው ፊት። እንዲያ ተናግሬያት አላውቅም ነበር። ልጁ ጨርቁን አየት አደረገና «ልፍታው አባት?» አለኝ። «ተወው ልጄ፣ ደርቋል» አልኩት። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሽማግሌ ማስገደድ አፈረ። እሱ እኔን አፈረ፣ እኔ እሱን አፈርኩ፣ እና ወረቀቱ ላይ ራሱን ችሎ ይንቀሳቀሳል፣ ለጊዜው ሕክምና አያስፈልገውም ብሎ ጻፈ።

ከእኔ ቀጥሎ የገባው ከእስቴ የመጣ ሰው ነበር። «አሞኛል፣ ሥራ አልችልም፣ ልጆቼ ናቸው የሚያለብሱኝ» ሲል በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁትና ናቅሁት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ናቅሁት። እሱ ታክሞ ድኖ፣ ዛሬ በእግሩ ገበያ ይወጣል አሉ።

በዚያው ክረምት እግሬ አበጠ፣ ጠቆረ፣ ሸተተ። ትኩሳት ጣለኝ። ያገር ሰው በቃሬዛ አድርጎ፣ በዚያ ጭቃ፣ እየተፈራረቀ እስከ ወገዳ ተሸከመኝ። ታዲያ መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ «እንዴት ነው?» ሲል፣ ቃሬዛው ላይ ሆኜ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እል ነበር አሉ። እኔ አላስታውሰውም። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሞቹ ውባንቺን «ምነው እስካሁን? ቀደም ብሎ ቢመጣ አጥንቱ ተጠርጎ ይድን ነበር እኮ» አሏት። እሷ ምን ትበል? ዝም በይ ብያታለሁ። ከጉልበቴ በታች ቆረጡት።

ከእግሬ ይልቅ እሷን ዝም ማሰኘቴ ያንገበግበኛል። ለእሷም ነግሬያታለሁ።

አሁን ቦርዱ ተመልሶ ሊቀመጥ ነው አሉ፣ ሰው ሠራሽ እግር ለሚያስፈልገው። ይችው ስመኝ፣ የእህቴ ልጅ፣ «አጎቴ፣ ካሁኑ እንለማመድ» ብላ ስታለፋኝ ሰነበተች። እስቲ እንደ ሐኪሙ ሆነሽ ጠይቂኝ፣ እነዚህም ይስሙ።

«አባት፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር...»

«አጎቴ!»

«ቆይ፣ ቆይ፣ አምልጦኝ ነው! አይ እኔ! እግዜርን ማማረር እየመሰለኝ እኮ ነው ልጄ።»

«ማመስገኑንስ ያመስግኑ፣ ግን ሕመምዎን አይደብቁ። እንደገና። እንዴት ነዎት?»

«...አሞኛል።»

«አንተ ሰውዬ» አለች ውባንቺ፣ «ይችን ቃል ለማውጣት የግድ እግርህ መሄድ ነበረበት?»