ለማን ነው የተላጨችው

ከከዚራ ወደ መጋላ በሚሄድ ፔጆ ታክሲ፣ ከኋላ ሦስት ሆነን ተጣብበን ተቀምጠናል። በግራዬ ያለችው ሴት ቴርሞስ አቅፋለች። በቀኜ ያሉት የባቡር ጡረተኛ በእኔ ላይ ጎንበስ ብለው ጠየቋት።

«በዚህ ሙቀት ሻይ ነው የያዝሽው፣ ልጄ?»

«በበረዶ የያዝኩት መድኃኒት ነው፣ አባባ። የእህቴ ነው። የጡት ነቀርሳ ይዟታል።»

«እግዜር ይማራት። ትናንት በራዲዮ ስለሱ በሽታ ሲያወሩ ነበር። መድኃኒቱን በዓይን በማትታይ የስብ ጠብታ ውስጥ ይከቱታል አሉ። ጠብታዋ እጢው ጋ ስትደርስ ጭነቷን ታራግፋለች። ሌላውን ገላ አትነካም።»

«ፀጉርም አትነካም?»

«አትነካም አሉ።»

«የሷ መድኃኒት አንድ ፀጉር አላስተረፈላትም። ከአዲስ አበባ ስትመለስ የቀበሌው ሴቶች ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ራሷን ሲያዩ ሰው ሞቶባት የተላጨች መስሏቸው።»

«አይ አቦ። ምን አለቻቸው?»

«ለማን ነው ሲሏት፣ ‹ለራሴ ነው፤ ከመጣችሁ አይቀር ቁጭ በሉ› አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ይሄን መርፌ እምቢ ብላለች፤ እኔ ግን ዛሬም ይዤላት እየሄድኩ ነው።»

«ያቺን የራዲዮዋን ጠብታ ንገሪያት እንጂ። ትጽናናለች።»

«ጠብታዋ መቼ ትመጣለች?»

«ገና በአይጥ ላይ ነው የሚሞክሯት።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልንገራት፣ አባባ?»

ጠዋት የተሠራሁትን ሹሩባ በነጠላዬ ሸፈንኩት።