ክርስትና ያነሣቻት ሳጅን

«ቤተሰቧ ሳይኖር ልጅቷን መጠየቅ አይችሉም» አልኳት ሳጅኗን። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበርን። ከኮምፒውተር ክፍል አንድ ላፕቶፕ ጠፍቷል፤ ትናንት ቁልፉ የነበረው የአሥረኛ ክፍሏ ትርንጎ ዘንድ ነው። አልወሰድኩም ትላለች። ወላጆቿ ገነተ ማርያም ናቸው፣ እሷ ላሊበላ ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። ስንገባ «ቲቸር፣ ብቻዬን እንዳይተዉኝ» ብላኝ ነበር፤ እኔም አልተውሽም ብያታለሁ።

ሳጅኗ አልተቆጣችም። ኮፍያዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ቤተሰብማ አለ። ክርስትና ያነሣኋት እኔ ነኝ። አይደለም እንዴ፣ ወለተ ሥላሴ?»

ማንን እንደጠራች ለማየት ዞርኩ። ትርንጎ ተነሥታ የሳጅኗን ጉልበት ሳመች። ሁለት ዓመት ሳስተምራት የክርስትና ስሟን አላውቅም ነበር።

«ታዲያ የሚጠይቃት ማነው?» አልኩ።

«እኔ።»

«አጠገቧ የሚቀመጥላትስ?»

«እሱም እኔ፣ መምህር። ከእናት በላይ ማን ይቀመጥላት?»

የማውቀውን ሕግ በልቤ አገላበጥኩት፤ ስለ ክርስትና እናት የሚል ነገር ትዝ አላለኝም። ምናልባት ልክ ናት። ምናልባትም አይደለችም። «ልቆይ?» አልኳት ትርንጎን። አንዴ እኔን፣ አንዴ ሳጅኗን አየች። ያነሣቻትን እናት ፊት ለፊት «አላምንዎትም» የምትልበት አፍ ከየት ታምጣ?

«ይሂዱ፣ ቲቸር» አለችኝ፤ እጇ ግን የኮቴን ጫፍ አልለቀቀም።

ሳጅኗ የልጅቷን ጣቶች ቀስ ብላ አላቀቀች። እስከ ደጃፉ ሸኘችኝና «አያስቡ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ብላ በሩን ዘጋችው።