ነጭ ዝንብ ለማጥፋት ስለተረጨው መድኃኒት በድጋሚ የተሰጠ የምስክር ቃል

ቃል ሰጪ፦ የተጎጂው ምራት፣ በሰፈሩ «ልብስ ሰፊዋ» በመባል የምትታወቅ
ዕድሜ፦ 36
አድራሻ፦ ከተጎጂው ጋር በአንድ ግቢ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን፣ ከጠዋቱ 4፡20

ማክሰኞ ዕለት በዚሁ ጣቢያ ቃል ሰጥቼ ነበር። ያን ቀን ያልተናገርኩት ከተናገርኩት ስለሚበዛ፣ ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ መጥቻለሁ።

ተጎጂው የባሌ አባት ሲሆኑ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። አባባ እላቸዋለሁ። ባሌ ለሥራ ሳምንቱን ሙሉ ስለሚርቅ ግቢው ውስጥ የምንውለው እኔና እሳቸው ነን። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ጓሮ በቧንቧና በፕላስቲክ ግሪንሃውስ ሠርተው ቲማቲምና ኪያር ያለማሉ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ጀምሮ የቲማቲሙ ቅጠል ቢጫ እየሆነ፣ ሲነካም እጅ ላይ እየተጣበቀ መጣ። ቅጠሉ ገልበጥ ሲደረግ ከሥሩ ነጭ ዝንብ ቡን ብሎ ይነሣል። አባባ ብርድ ይገባል በማለት የአየር መስኮቶቹን መክፈት ስለተዉ ውስጡ ታፍኖ ነበር። ቅጠል በቅጠል በሳሙና ውሃ አጠብን፤ ዝንቡ ሁለት ቀን ጠፍቶ ተመለሰ። አባባ እህል አስጠላቸው። እንደ አስታማሚ ጠዋት ማታ ከተክሎቹ ሥር አይጠፉም ነበር።

ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ አንድ ደንበኛዬ የአበባ እርሻ ውስጥ መድኃኒት ረጪ ነው። ችግሩን ባጫውተው በማግስቱ በውሃ ጠርሙስ ግማሽ ያህል ቡናማ ፈሳሽ አመጣልኝ። ሳያስጠነቅቀኝ አልሄደም። ለአንድ መርጫ ፓምፕ አንድ ክዳን ብቻ፣ አፍና እጅ ተሸፍኖ፣ በርና መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቶ እንዲረጭ፣ ከተረጨም በኋላ እስከ ማግስቱ ማንም እንዳይገባ ነግሮኛል። እኔ ግን የሙሽራ ቀሚስ ይዤ ተጣድፌ ስለነበር፣ ጠርሙሱን ለአባባ ስሰጥ የነገርኳቸው የክዳኑን ልክ ብቻ ነው። ሌላውን እራት ላይ እነግራቸዋለሁ ብዬ ረሳሁት።

ማክሰኞ ከጠዋቱ በግምት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ሳል ሰማሁ። ቁብ አልሰጠሁትም። ቀጥሎ ፓምፑ ከሲሚንቶ ጋር ሲጋጭ ሰማሁና ሮጥኩ። አባባ ዝንቡ እንዳያመልጥ ብለው በሩን ከውስጥ በሽቦ አስረውታል። በፕላስቲኩ ውስጥ ተንበርክከው በጥላ ይታዩኛል። ፕላስቲኩን በጥፍሬ ብቧጥጥ እንቢ አለኝ። ጮህኩ።

ከአጥሩ ማዶ ብረት የሚበይደው ጎረቤታችን አጥሩን ዘሎ መጣ። በያዘው ስለት ፕላስቲኩን ቀድዶ ገባና በብብታቸው ይዞ ጎትቶ አወጣቸው። ለሐጫቸው ይዝረበረባል፣ ላብ በላብ ሆነዋል፣ የዓይናቸው ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። በያጁ ልብሳቸውን አውልቆ በጎማ ውሃ እያጠበ «ምንድን ነው የረጩት? ንገሪኝ» አለኝ። «እኔ እንጃ» አልኩት። ይህን ለምን እንዳልኩ ስጠየቅ፣ ባሌ አባቴን ገደልሽ የሚለኝ ስለመሰለኝ ነው። በያጁ በታክሲ ይዟቸው ሲሄድ እከተላችኋለሁ ብዬ ቀረሁና ጠርሙሱን ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያ ውስጥ ደበቅኩት።

ፖሊስ ሲመጣ ጎረቤቶች የቀድሞውን ጠብ አነሡ። ከግሪንሃውሱ የሚወርደው ዝናብ ወደ በያጁ መሥሪያ ስለሚገባ፣ በያጁ በሰው ፊት «ይሄን ላስቲክ አንድ ቀን በላይዎ ላይ አፈርሰዋለሁ» ብሎ ነበር። እኔም እዚህ ጣቢያ መጥቼ ስጠየቅ፣ አዎ ተጣልተው ነበር ብዬ አፌን ዘጋሁ። በያጁ ከሆስፒታል ሲመለስ፣ ጉዳቱን ያደረሰው እሱ ነው ተብሎ ተያዘ። ልብሱ ገና እርጥብ ነበር። በዚህ ኮሪደር ይዘውት ሲያልፉ አየኝ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሆስፒታል ስደርስ ነርሷ የተረጨው መድኃኒት ምን እንደሆነ ብናውቅ ይሻል ነበር አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ለደንበኛዬ ደወልኩ። የመድኃኒቱን ስም ጠይቄ ለነርሷ ነገርኳት። ማን እንዳመጣው ስትጠይቀኝ ግን ጓሮ ወድቆ አገኘሁት አልኩ።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ መርፌ መያዝ አቃተኝ። በር በተንኳኳ ቁጥር ሊወስዱኝ የመጡ ይመስለኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ የመጣችው ግን የበያጁ ሚስት ናት። ሕፃን አዝላለች። «እህቴ፣ አንቺ እዚያው ነበርሽ። ያየሽውን ብቻ ተናገሪልን» አለችኝ። በግርግር ያየሁት ነገር የለም ብዬ መለስኳት። ሳታስቀይመኝ፣ አባባ እንዲሻላቸው መርቃ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አባባ ነቁ። ድምፃቸው ሰልሏል። ከጠርሙሱ በፊት ያነሡት ስለ ሰው ነው። «ያ በያጅ ነው ያወጣኝ። ላስቲኩን ሲቀድደው አይቼዋለሁ» አሉ። ቀጥለውም «ልጄ፣ እኔ እስክነሣ ሄደሽ አመስግኚልኝ። ስለ ዝናቡ ውሃም ጥፋቱ የኔ ነው በይልኝ» አሉኝ። እሺ አባባ አልኳቸው። በያጁ የት እንዳለ ግን መንገር አቃተኝ። ከአልጋቸው ሥር ተነሥቼ፣ ጠርሙሱን ከቤት ይዤ ወደዚህ መጣሁ።

መድኃኒቱን ያስመጣሁት፣ ማስጠንቀቂያውን ያስቀረሁት፣ ጠርሙሱንም የደበቅኩት እኔ ነኝ። በያጁ በዚህ ነገር ውስጥ ያለው ድርሻ ሰው ማዳን ብቻ ነው። ጠርሙሱን አምጥቼ አስረክቤአለሁ። አሁንም እፈራለሁ፤ በሕግ የሚመጣብኝን እቀበላለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በያጁ ሲፈታ እኔ የምያዝ ከሆነ፣ ከመያዜ በፊት በዚህ ኮሪደር ላይ እንድቆምና የአባባን መልእክት በአፌ እንድነግረው ይፈቀድልኝ።

የሰጠሁት ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የተናገርኩት እውነት መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________

በመርማሪው የተጻፈ፦ ጥያቄዋ ተፈቅዷል። 6፡05።