ሙላትን ያቃጠለው ውሃ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ አለሚቱ እንዳላማው
ዕድሜ፦ 51
ሥራ፦ ግብርና
አድራሻ፦ ምሥራቅ ጎጃም፣ ይጁቤ አካባቢ
ቃል የሰጡበት ቀን፦ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሟች ሙላት እንዳላማው ታናሽ ወንድሜ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች በአሸንዳ የሚወርድ ለብ ያለ ፀበል ነበረን። ከመሬት ሙቀት መብራት እናወጣለን ያሉ ሰዎች ከፀበሉ በላይ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ በዚያው ዓመት ፀበሉ ነጠፈ። በኋላ ሥራው ሲቆም ጉድጓዱን በብረት ከድነው ሄዱ፤ ጠባቂም አልተዉም። አምና ፕሮጀክቱ ዘላቂ መሆን አለመሆኑን እንገመግማለን ብለው የመጡትን፣ ያንን ብረት ማን ያየዋል ብዬ ጠይቄ ነበር። ይታያል አሉኝ። ማንም አላየውም።

በዚህ ወር መጀመሪያ በአሸንዳው ውሃ መውረድ ጀመረ። ፀበሉ ተመለሰ ብለን እንኳን ደስ አለን ተባባልን። ሙላት በወገብ ሕመም እርፍ መጨበጥ ካቆመ ቆይቷል። መጋቢት 12 ቀን ንጋት ላይ ደግፌ ወሰድኩት። ከእሱ በፊት የተጠመቁት ውሃው ለብ ያለ ነው ብለው ነበር። እሱ ገብቶ ጥቂት እንደቆየ ጮኸ። ፀበል ላይ ሰው ሲጮህ ያደረበት መንፈስ ነው የሚጮኸው እንላለን። ስለዚህ ሊወጣ ሲል በርታ እያልን መለስነው፤ እኔም እልል አልኩ። ቆዳው ሲላጥ አይተን ነው ያወጣነው። ያ እልልታዬ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እጁን ልይዘው አልቻልኩም፤ የሚያዝ ቦታ አልነበረውም። «እታለም፣ ምን ብበድል ነው ፀበሉ የጠላኝ?» አለኝ። በማግስቱ ዐረፈ።

ከቀብሩ በኋላ ውሃውን ተከትለን ሽቅብ ወጣን። የጉድጓዱ ክዳን በዝገት ተበልቶ፣ መጀመሪያ በትንሹ ያፈስ የነበረው ቀዳዳ ሰፍቶ፣ የፈላው ውሃ በአሮጌው የፀበል ቦይ ይወርድ ነበር። ያም ሆኖ ሙላትን ኃጢአቱ ነው ያስገረፈው የሚሉ ዛሬም አሉ፤ ልጆቹም ይሰማሉ።

መርማሪው የምጨምረው እንዳለ ጠየቁኝ። ከሁሉ በፊት ይህ ይጻፍልኝ ብያለሁ፦ ወንድሜን ፀበል አልገረፈውም። የፈላው ውሃ የመጣው ከዚያ ጉድጓድ ነው። እሱ ግን ይህን ሳይሰማ ሞተ።

ከላይ ያለው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ያየሁትና የሆነው ይኸው ነው። መጻፍ ስለማልችል በጣት አሻራዬ አጽንቻለሁ።

የምስክር አሻራ፦ አለሚቱ እንዳላማው
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ዋና ሳጅን ምናለ አካለ ወልድ (ፊርማ)