ቅጥቅጡን የሚከተለው መኪና

ሀጂ ኡበይደላ ከረመዳን ወዲህ ጉተማን ሰላም ብለውት አያውቁም። የጉተማ ቅጥቅጥ አውቶቡስ የወለንጪቲን መናኸሪያ ተሳፋሪ ጠራርጎ ወደ አዳማ ሲወጣ፣ ከኋላው ባዶ ሚኒባስ ታቅፈው የሚቀሩት ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው። ተራ አስከባሪውን በጉቦ ቢይዘው ነው እንጂ! ዛሬ ከአስር ሶላት በኋላ ሽማግሌ ፊት ሊያቆሙት ቆርጠዋል።

በዚህ ንዴት ላይ እንዳሉ ነው ኑሰይባ ከታክሲ ስትወርድ ያገኘቻቸው። የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ አዳማ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ታጠናለች። ነገሩን ሰምታ «ሀጂ፣ ተራችሁ እንዴት ነው የሚወጣው?» አለች።

«በድሮው ወግ ነዋ! እኔ፣ ጉተማና መሰለች፣ ሦስት ባለመኪኖች ነን፤ ዛሬ የቀደመ ነገ መጨረሻ ይሆናል። ከዚህ በላይ ፍትሕ አለ?»

ኑሰይባ ቁልፋቸውን፣ መፋቂያቸውንና መቁጠሪያቸውን ከእጃቸው ተቀብላ፣ «እስቲ ቁልፉ የእርስዎ፣ መፋቂያው የጋሽ ጉተማ፣ መቁጠሪያው የእትዬ መሰለች መኪና ይሁን» ብላ በሚኒባሱ ኮፈን ላይ እንደ ዛሬው ተራ መፋቂያውን ፊት፣ ቁልፉን ቀጥሎ፣ መቁጠሪያውን መጨረሻ አድርጋ ደረደረቻቸው። ፊተኛውን እያነሳች ወደ ኋላ ባዞረች ቁጥር ቁልፉ ወይ ፊት ነው፣ ወይ ልክ ከመፋቂያው ኋላ። መቁጠሪያው አንዴም መፋቂያውን በቀጥታ አልተከተለም።

ሀጂ በጎን አዩዋት። «ጉተማ ነው የላከሽ?»

«ኧረ ማንም አልላከኝም! ለመጀመሪያው ቦታ ሦስት ምርጫ አለ፤ ለሁለተኛው ሁለት ይቀራል፤ ለመጨረሻው አንድ። ሲባዛ ስድስት ዓይነት ተራ ይሆናል። እናንተ የምትዞሩት በሦስቱ ብቻ ነው። በየቀኑ ከስድስቱ በእጣ ብታወጡ ቅጥቅጡን መከተል ለእርስዎም ለእትዬ መሰለችም እኩል ይደርሳል።»

«እጣማ ቁማር ነው፤ ሐራም!»

«ምን ተይዞበት ሀጂ? ማንም የማንንም አይበላም።»

ሀጂ ሦስቱን ዕቃዎች ራሳቸው እየገለባበጡ ሰባተኛ ተራ ፈለጉ፤ አጡ። ጥርጣሬ እንዲህ ነው፤ ምክንያቱን ያላወቀውን ነገር ሁሉ በሰው ላይ ይለጥፋል።

ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ ጉተማ ፊቱን አጥቁሮ ቆመ።

«ክሴን ትቻለሁ፤ በዳዩ ወጋችን ነው እንጂ ሰው አይደለም» አሉ ሀጂ። የእጣውን ነገር አስረዱ፤ መሰለችም ተስማማች። ከእንግዲህ አንዱ ብቻ የሌላውን ትራፊ አይለቅምም፤ ተራ አስከባሪውም ከሐሜት ያርፋል።

ጉተማ ግን፣ «ለዚህ ነው ሀጂ ለኢድ እንኳ ቤትዎ ያልጠሩኝ?» አለ።

ሀጂ ኡበይደላ አፈሩ። እጃቸውን ዘረጉ። ጉተማም ቆየት ብሎ ጨበጣቸው።