የሶማሌ ተራው ማራገቢያ

ክቡራትና ክቡራን፣ ሥራ አስኪያጃችን ዶክተር ደምመላሽ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ ሥራችሁን አቁማችሁ፣ በመርካቶ ሰባተኛ ግፊያ መሐል ይህን ሁሉ ምግብና ለስላሳ አስጭናችሁ ጡረታ ስወጣ ስለሸኛችሁኝ አመሰግናለሁ። ይህ አዳራሽ እንዲህ ሞልቶ ያየሁት ለዓለም ዋንጫ ቴሌቪዥን የገባ ቀን ብቻ ነው።

አበው የማይሆን ነገር የሚሞክርን ሰው «ጉም ይዘግናል» ይሉታል። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጉም ዘግኜ አራት ልጆች አሳድጌበታለሁ። የሰፈር ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «የዓይን ጠብታ ፋብሪካ ውስጥ ጉም እለቃለሁ» ካልኩት፣ ባለቤቴን ሰዓደትን ለብቻዋ ጠርቶ ጤንነቴን ይጠይቃታል።

ለእንግዶቻችን ባጭሩ ልንገር። ጠብታው በሚሞላበት ክፍል ንጹሕ አየር ከጣሪያው ቀጥ ብሎ ወርዶ፣ ግድግዳው ግርጌ ባሉት መውጫዎች መሄድ አለበት። መንገድ ላይ ታጥፎ ከተመለሰ ብናኝ ይዞ ክፍት ጠርሙሶች ላይ ያርፋል። አየር ደግሞ አይታይም። ስለዚህ ጉም እንለቅበትና ጉሙ የሚሄድበትን በቪዲዮ እንቀርጻለን።

የጉሟን ማሽን «ሺሻዋ» ያላችኋት እናንተ ናችሁ። አንድ አዲስ ጥበቃማ «ጋሼ ሽኩር ሺሻ ይዘው ንጹሕ ክፍል ገብተዋል» ብሎ በጽሑፍ ከሶኛል። ዶክተር፣ ደብዳቤው እስካሁን ፋይሌ ውስጥ አለ ይባላል፤ ከመሄዴ በፊት ቢወጣልኝ ደስ ይለኛል።

ሺሻዋ ስትመጣም ወጣት አልነበረችም። በ1997 ጉሙን የሚያወጣው ማራገቢያዋ ተቃጠለ። የሠራት ፋብሪካ ያን ሞዴል ማምረት ካቆመ ቆይቷል ተባለ። እኔ ግን የመርካቶ ልጅ ነኝ፤ የለም የሚባል ነገር አይገባኝም። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚሸጠው ወዳጄ ሀምዳን ጋ ሄድኩ። ከተገጨ ፊያት የወጣ የሙቀት ማራገቢያ አወጣልኝ፤ በብሎንና በላስቲክ አድርጌ ገጠምኩት።

ጉሙ እንደ ገመድ ቀጥ ብሎ ወረደ። ታስታውሳላችሁ? አጨበጨባችሁልኝ። ዶክተር የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፤ በመስታወት አድርጌ ሳሎን ሰቀልኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ በየፈተናው ጉሙ ቀጥ ብሎ ወረደ። እኔም ከእኔ በላይ ላሳር አልኩ።

በሚሊኒየሙ ዓመት ወይዘሪት ሉብና ጥራት ቁጥጥር ክፍል ተቀጠረች። በመጀመሪያው ፈተናዋ ላይ ከኋላዬ ቆማ ስታይ ቆየችና በትሕትና ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ አሁን የምናየው የክፍሉን አየር ነው ወይስ የማራገቢያውን?»

ምን አልኳት? ሁሉም በሰው ፊት አይደገምም። ለስለስ ያለው፣ ማሽኗ ካልጣመቻት ሶማሌ ተራ ወስጄ እንደምሸጥላት የነገርኳት ነው። ከዚያ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳት። የሃምሳ ሰባት ዓመት ሰው፣ ምሳ ሰዓት ከልጅቷ ጠረጴዛ ርቄ ጀርባዬን ሰጥቼ እበላ ነበር። ጥያቄዋ ግን እቤት ድረስ ተከተለኝ።

ሥራ በሌለበት ቅዳሜ ራሴ ጠራኋት። እሷ ካሜራ ያዘች፤ እኔ ማራገቢያውን አጥፍቼ ጉሙ በራሱ ቀስ ብሎ እንዲፈስ ተውኩት። ወረደ፣ ወረደ፣ ጠረጴዛው ጥግ ሲደርስ ታጥፎ ተነሣ። ጠርሙሶቹ ከሚቆሙበት በላይ ተንሳፍፎ ቀረ። ሉብና ካሴቱን አውጥታ በእጄ ሰጠችኝና ልብሷን ልትቀይር ወጣች።

ልዋሻችሁ? ካሴቱን ማጥፋት አማረኝ። ሳሎን የተሰቀለው ስሜ ነበር ሊወርድ የመጣው፤ ፈራሁ። እሑድን ሙሉ ግን የሚታየኝ የእኛን ጠብታ ልጇ ዓይን ላይ የምታንጠባጥብ እናት ነበረች። ሰኞ ጠዋት ካሴቱን ዶክተር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና «ሦስት ዓመት ያሳየኋችሁ የፊያት ማራገቢያ ነው» አልኳቸው።

ይባረራል ብላችሁ የተወራረዳችሁ አላችሁ፤ እነማን እንደሆናችሁም አውቃለሁ። ዶክተር ግን የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ስንት ቀን እንዝጋ?»

አሥራ አንድ ቀን ዘጋን። ከየምርቱ የተቀመጠው ናሙና ሁሉ እንደገና ተመረመረ፤ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፣ አልሐምዱሊላህ። ጥፋተኛውስ? የአየር መውጫው ፊት የተገተረ አንድ የጓንት ቁምሳጥን። ሠራተኛው እንዳይመላለስ ብሎ እዚያ ያስቆመውም ሌላ ሰው አይደለም፣ እኔው ነኝ። ማራገቢያውን ለሀምዳን ስመልስለት ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ማራገቢያው ምን አጠፋ? ንፈስ አልከው፣ ነፈሰ» አለኝ።

አዲሷ ማሽን የውጭ ምንዛሪ ስንጠብቅ ከዓመት በላይ ፈጅታ ገባች። በንጹሕ ውሃ ትሠራለች፤ ጉሟ ቀስ ይላል፣ አይጋፋም። መጀመሪያ ሳያት ታማለች ብዬ ነበር፤ አሁን ወድጃታለሁ። እሷም ግን ታረጃለች፤ አንድ ቀን ዕቃዋ ከገበያ ይጠፋል። ያኔ ሶማሌ ተራ ሂዱ፣ አልከለክልም። ስትመለሱ ግን ሉብና የጠየቀችውን ጠይቁ።

ያን ምስክር ወረቀት ያኔውኑ ከግድግዳ ላወርደው ተነሥቼ ነበር። ሰዓደት ከለከለችኝ። «ተወው፤ ከስምህ ሥር የልጅቷን ስም ጻፍበት» አለችኝ። ጻፍኩበት። ይኸው እንግዳ በመጣ ቁጥር ሉብና ማን እንደሆነች ሳስረዳ ሦስት ዓመት ሆነኝ።

ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፤ ያ በጋዜጣ የተጠቀለለው ነው። ሉብና ልጄ፣ ነይ ውሰጂው። ያኮረፍኩሽ በሰው ፊት ነበር፤ ይቅርታውንም በሰው ፊት እጠይቅሻለሁ።

ለሁላችሁም፣ እጃችሁ አይዛል፣ ቤታችሁ ይሙላ። የምትሞሉት ጠብታ ለነካው ዓይን ሁሉ ብርሃን ይሁን። እናንተም ስታረጁ፣ ከኋላችሁ ቆሞ «ጋሼ»፣ «እትዬ» ብሎ በትሕትና የሚጠይቅ ሰው አያሳጣችሁ። ሲጠይቃችሁም ከሳምንት በላይ አያስኮርፋችሁ። አሜን በሉኝ።